ስሟን የፋቀው እጅ

አባቴ በእኔ ጽሑፍ ምክንያት ከማኅሌት የታገዱት በጥቅምት መጨረሻ፣ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው። አምሳ ዓመት ሙሉ መቋሚያቸውን ተደግፈው ከዘመሩበት ቦታ ያስነሷቸው ደግሞ አባቴ ራሳቸው ቅኔ ያስተማሯቸው የደብሩ አለቃ ናቸው። ይህን ለከተማ ወዳጆቼ ስነግራቸው ነገሩን ሰምተው ሳይጨርሱ ለእኔ ይቆማሉ። "አይ ቄሶች! ሴት ስትጽፍ መቼ ይወዳሉ!" ይሉኛል። እኔም ለጥቂት ቀናት እንደዚያው ስል ስለነበር አልፈርድባቸውም።

ሥራዬ ጋዜጠኝነት ነው። ደብረ ማርቆስ ተቀምጬ፣ አዲስ አበባ ለሚታተም ሳምንታዊ ጋዜጣ በጥንት ዘመን ስለነበሩ ሴቶች እጽፋለሁ። ስለ ኑቢያ ንግሥታት፣ ስለ ግብፅ አዋላጆች፣ ስለ ባቢሎን ጠላ ሻጮች ጽፌያለሁ። ፌሚኒስት ነኝ፤ ቃሉን ስናገር ድምፄን ዝቅ አላደርግም። አንድ ቀን ግን አንዲት አንባቢ፣ "የባቢሎንን ጠላ ሻጭ ከነእንስራዋ ታውቂያታለሽ፤ የራስሽ ቀዬ ሴቶች ግን ታሪክ የላቸውም?" ብላ ጻፈችልኝ። አናደደችኝ። ያናደደችኝ ልክ ስለሆነች ነው።

አባቴ መሪጌታ ናቸው። ከቁይ ወዲያ በእግር የሁለት ሰዓት መንገድ ባለች የገጠር ደብር አጠገብ ጉባኤ ዘርግተው፣ ከየአገሩ እየመጣ ጎጆ የሚቀልሰውን ወንድ ልጅ ሁሉ ቅኔ ሲያስተምሩ ኖረዋል። እኔ ለተማሪዎቻቸው ውኃ እየቀዳሁ አደግሁ። ግዕዙን የሰማሁት ከአጥር ማዶ ነው። እንስራዬን አውርጄ ቆም ስል፣ "ሂጂ፣ እናትሽ ትጠብቅሻለች" ይሉኝ ነበር፤ በቁጣ አይደለም፣ ዝም ብሎ እንደሚባል ነገር ነው የሚሉኝ። ዩኒቨርሲቲ ስገባ አንድ ሴሚስተር ግዕዝ ተማርኩና ፊደሉን ከማንበብ ብዙም ሳልርቅ ጨረስኩ። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው የሚባለው ለእኔ ዓይነቷ ነው።

የአንባቢዋን ነገር ለአባቴ ስነግራቸው ጢማቸውን አሻሹና፣ "እኛ ደብር አንዲት የብራና መጽሐፍ አለች። ያጻፈቻት ሴት ናት" አሉኝ። አርባ ዓመት ሊሞላኝ ምንም አልቀረኝም፤ እስከዚያ ቀን ይህን አንድም ጊዜ ነግረውኝ አያውቁም። የሴትየዋን ዘመን ማንም በእርግጥ እንደማያውቀው፣ ጥንት መሆኑን ግን የፊደሉ ቅርጽ እንደሚናገር ጨመሩልኝ። በዚያች ደቂቃ ከመጽሐፏ በቀር ሌላ ነገር ማሰብ አቆምኩ።

መጽሐፏ ከዕቃ ቤት እንደ ልብ አትወጣም። በየአካባቢው መጻሕፍት ተሰርቀው ስለጠፉ ፎቶ አንሺ የሚሉት ሰው ሲመጣ ካህናቱ ፊታቸው ይለወጣል። አባቴ ሦስት ጊዜ አለቃውን ደጅ ጠኑልኝ። በሦስተኛው ጊዜ፣ "በእኔ ይሁንብህ" አሏቸው። አለቃው ለመምህራቸው እንቢ ማለት አልቻሉምና አንድ ቀን ተፈቀደልን፤ ከጠዋት እስከ ቀትር።

የተፈቀደልን ቀን፣ አንዴ የሚከፈተው አንዴ የሚዘጋው መንገድ ክፍት በሆነበት ሳምንት ላይ ወደቀ። በማለዳ ከደብረ ማርቆስ ወደ ቁይ በሚኒባስ ሄድኩ። ከዚያ ጤፉ መቅላት በጀመረበት ማሳ ዳር ዳር በእግሬ ስጓዝ፣ ሆዴን ቁርጠት ያዘኝ። የወር አበባዬ ሦስት ቀን ቀድሞ መጣ።

በዚህ ጊዜ ያለች ሴት ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር አትገባም። ይህን ልማድ በመቃወም ራሴ ጽፌያለሁ፤ ደፋር ተብዬም ተጨብጭቦልኛል። ማንም አያውቅብኝም። ማንም አይጠይቀኝም። ገብቼ ብራናውን በእጄ ይዤ፣ ቅጠል በቅጠል እያገላበጥኩ ማየት እችል ነበር። መንገዱን ሙሉ እገባለሁ፣ ለምን አልገባም፣ እያልኩ ከራሴ ጋር ተሟገትኩ። ከደጁ ስደርስ እግሬ ቆመ። እምነት ይሁን ፍርሃት፣ ወይስ "በእኔ ይሁንብህ" ያሉት ሽማግሌ በር ላይ ሲጠብቁኝ ማየቴ ይሁን፣ እስከ ዛሬ መልሱን አላገኘሁም። በራሴ በጣም ተናደድኩ።

"ነይ እንጂ፤ ቄሰ ገበዙ መጽሐፏን አውጥቶልናል" አሉ አባቴ።

"አልገባም አባባ። እዚህ እጠብቃለሁ።"

"ምነው? ይህን ሁሉ መንገድ መጥተሽ..." አሉና ፊቴን አይተው አቆሙ። ለአባቴ እንዲህ ያለ ነገር ተናግሬ አላውቅም፤ ያን ቀንም አልተናገርኩም። መሬት መሬት አዩ። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። "በይ ስልክሽን ስጪኝ። እንዴት ነው የሚነሣው?"

በደጁ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ፎቶ ማንሣት አስተማርኳቸው። የመጀመሪያው ፎቶ የራሳቸው አፍንጫ ነበር። የደነደነው ጣታቸው መስታወቱን ሲነካ ስልኩ አንዳንዴ አይሰማቸውም፤ "ይሄ ሰነፍ ተማሪ ነው፤ ሁለት ጊዜ ካልነገሩት አይገባውም" እያሉ ገቡ።

ከደጁ ውጪ፣ ግንቡን ተደግፋ በተሠራች ደሳሳ ጎጆ አንዲት መነኩሲት ይኖራሉ። ሕፃን ሳለሁም እዚያው ነበሩ። አጠገቤ መጥተው ተቀመጡና መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ፣ "ያችን መጽሐፍ ፈልገሽ ነው የመጣሽው?" አሉኝ።

"አዎ እማሆይ።"

"ምስኪን። ልጇን ብላ እኮ ነው ስሟን ያጠፋችው።"

"እንዴት?"

"ሞተባታ። የሞተን ልጅ ስም የሚጠራው ማን ነው? የሷን አጥፍታ የሱን አስገባችለት። እኔ ከቀደሙት እማሆይ ነው የሰማሁት፤ እሳቸውም ከሳቸው በፊት ከነበሩት።"

ደብተሬ ጭኔ ላይ ነበር፤ እስክሪብቶውም በእጄ ነበር። አንዲት ፊደል አልጻፍኩም። ለልጇ ስትል የጠፋች እናት የሚል ተረት ስንት ጊዜ ሰምቼ ሰልችቶኛል፤ የጠፋች ሴት ሁሉ ምክንያቷ ሲጠየቅ ለልጇ ይባላል፣ ነገሩም ይዘጋል። ራሴን ነቅነቅ አድርጌ፣ "እግዜር ይስጥልኝ እማሆይ" አልኳቸው። ዓይኔ በሩ ላይ ነበር።

አባቴ በቀትር ወጡ። ስልኬ ውስጥ ሃያ ስድስት ፎቶ አገኘሁ። ቤቴ ደርሼ ኮምፒውተሬ ላይ አሰፋኋቸው። በጸሎቱ መካከል በቀይ ቀለም የባለቤቱ ስም የሚገባባቸው አሥራ ሁለት ቦታዎች አሉ። በአሥራ አንዱ ላይ ብራናው በስለት ተፍቆ ሳስቷል፤ በተፋቀው ላይም የወንድ ስም ተጽፏል። በአሥራ ሁለተኛው ቦታ ግን ስሙ አልተነካም፤ የሴት የክርስትና ስም ነው። ሴትየዋ መጽሐፉን አጻፈች፣ ወንድ መጥቶ ስሟን ፍቆ የራሱን ተካ፣ አንዷን ቦታ ረሳት። ለዓመታት ስጽፍበት የኖርኩት ነገር በብራና ላይ ቁስሉ ሳይሽር ፊቴ ተዘርግቷል።

የመጨረሻው ቅጠል ፎቶ ላይ ግማሹን የአባቴ አውራ ጣት ሸፍኖታል፤ የቀረውም ደብዝዟል። ጽሑፍ እንዳለበት ይታያል፤ ምን እንደሚል አይታይም። ለአባቴ ደውዬ፣ "መጨረሻው ላይ ያለው ምንድን ነው?" ብላቸው የአንድ ደቂቃ ነገር ነበር። አልደወልኩም። ኔትወርክ አስቸግሮኝ ነው ብዬ ራሴን እያታለልኩ ቆይቻለሁ። እውነቱ ሌላ ነው። በዚህ በአንዱ ነገር የእሳቸውን ትርጓሜ መለመን አልፈለግሁም። ከአጥር ማዶ የቆመችው ልጅ፣ ይህችን ብቻዬን አነበብኳት እንድትል ፈለግሁ።

"በወንድ ቢላ" የሚል ርእስ ሰጥቼ ጻፍኩት። "ቢላውን የያዘው እጅ የካህን እጅ ነበር" የሚል ዓረፍተ ነገር አለው። ይመስላል አላልኩም፤ ነበር አልኩ። ከጻፍኳቸው ሁሉ እንደዚያ የወደድኩት ዓረፍተ ነገር የለም፤ ሦስት ጊዜ ጮክ ብዬ ለራሴ አንብቤዋለሁ።

ጽሑፉ በወጣ በሁለተኛው ቀን ከእጄ ወጣ። በየቴሌግራሙ ተቀባበሉት፤ የማላውቃቸው ሴቶች እያለቀስን አነበብነው ብለው ጻፉልኝ። የደብሯን ስም አልጠቀስኩም፤ ግን በእኛ አገር መጽሐፍ እንኳ ዘመድ አለው፣ ማን መሆኗ በሦስት ቀን ታወቀ። ካፍ ከወጣ አፋፍ። በአራተኛው ቀን አባቴ ደወሉ። አባቴ ሰው ካልሞተ አይደውሉም።

"እሑድ ነይ" አሉኝ። "ሰበካ ጉባኤው ጠርቶናል።"

"እርስዎንም?"

"ዋሱ እኔ አይደለሁ?"

"ተቆጡ አባባ?"

"እሑድ ነይ፤ ከቅዳሴ በኋላ" አሉና ዘጉት።

እሑድ በደጀ ሰላሙ ውስጥ የደብሩ አለቃ፣ ቄሰ ገበዙና አምስት ሽማግሌዎች ተቀምጠው ጠበቁን። ያን ቀን መግባት እችል ነበር፤ ገባሁ። አለቃው ጽሑፌን ቁይ ድረስ ልከው በወረቀት አሳትመውታል። መነጽራቸውን አድርገው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበቡት። በራሴ ጆሮ ስሰማው የወደድኩት ዓረፍተ ነገር አስደነገጠኝ። "ቢላውን የያዘው እጅ የካህን እጅ ነበር" የሚለው ላይ ሲደርሱ ቆም አሉና ዙሪያቸውን አዩ። በዚያ ክፍል ካለው ሰው ግማሹ ካህን ነው።

"ይህ ካህን ማን ነው ልጄ?" አሉኝ።

"ዘመኑ ሩቅ ነው አባታችን፤ ስሙን ማወቅ አይቻልም።"

"ስሙን ካላወቅሽ ካህን መሆኑን በምን አወቅሽ?"

አንዱ ሽማግሌ ከጥግ፣ ለጎረቤታቸው መስሏቸው፣ "ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ" አሉ። ጉዳዩን ሁሉ ትቼ ለዚያች ተረት ልጣላ ተነሣሁ፤ አባቴ ሳያዩኝ ነጠላዬን ጫፉን ይዘው ጎተቱኝ። ተቀመጥኩ።

አለቃው ለቄሰ ገበዙ ምልክት ሰጡ። መጽሐፏ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልላ፣ ከቆዳ ማኅደሯ ወጥታ ፊቴ ተቀመጠች። ከዚያ ቀን በፊት በዓይኔ አላየኋትም ነበር፤ ይህንንም ጽሑፌ ላይ አልተናገርኩም። ካሰብኳት ታንሳለች። የመጨረሻውን ቅጠል ገልጠው ወደ እኔ አዞሩት።

"መጽሐፏን መርምሬ ጻፍኩ ብለሻል። በይ አንብቢልን።"

ፊደሎቹን ቆጠርኳቸው ማለት ይሻላል። እየተደናቀፍኩ ሁለት መስመር ሄድኩ፤ ከአፌ የሚወጣው ድምፅ ነው እንጂ ለእኔ ትርጉም አልነበረውም። ሦስተኛው መስመር ላይ "ወልድ" የሚለውን ቃል፣ ልጅ ማለት ነው፣ አወቅሁትና አቆምኩ። ሽማግሌዎቹ አልሳቁም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር።

"የኔታ፣ እርስዎ ያንብቡልን" አሉ አለቃው።

አባቴ መጽሐፏን እንኳ ወደ ራሳቸው አላዞሩም፤ በቃላቸው ያውቁታል። ግዕዙን በዝግታ አሉትና ወደ አማርኛ መለሱት። "እኔ ኃጢአተኛዪቱ ይህን መጽሐፍ በመሬቴ ፍሬ አጻፍሁ። አንድ ልጄ በሰባት ዓመቱ በሞተብኝ ጊዜ ስሜን በእጄ ፋቅሁ፤ የእሱንም በእጄ ጻፍሁ፤ የሚጸልይ ሁሉ እሱን ይጥራልኝ ብዬ። አንዱን ስፍራ ግን ተውሁት፤ እናቱ እኔ እንደሆንሁ እንዲታወቅ።"

እኔ ጎንበስ ብዬ ፊደሉን አየሁት። የደንበኛ ጸሐፊ እጅ አይደለም። ፊደሎቹ ትልልቅ ናቸው፣ መስመራቸው ይዘማል፣ አንዳንዱ ቦታ ቀለሙ ተጠራቅሞ ደርቋል። በተፋቁት ቦታዎች ላይ ያለው የልጁ ስምም በዚሁ እጅ የተጻፈ ነው። ያቺ ሴት ግዕዝ ታውቅ ነበር። ብዕር ይዛ፣ በገዛ ቃሏ ስለ ገዛ ሐዘኗ ጽፋለች። የጥንት ሴት በራሷ እጅ የጻፈችው ነገር! ዕድሜዬን ሙሉ ስፈልገው የኖርኩት ይህንን ነበር፤ እኔ ግን ብዕሩን ከእጇ ነጥቄ ለማላውቀው ወንድ ቢላ ሰጠሁት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት የራሴን እህል አልነበረም።

"ይህን ያውቁ ነበር?" አልኳቸው አባቴን። ድምፄ ከፍ ብሎ ወጣ። "ለምን አልነገሩኝም?"

"መች ጠየቅሽኝ?"

"ሴት በእጇ የጻፈችው መሆኑን አንድ ቀን እንኳ አልተናገሩም!"

አባቴ ቅጠሉን አሁን ገና ዞር አድርገው፣ ቀረብ አድርገው አዩት። "ስንት ዓመት አነበብኩት" አሉ ቀስ ብለው። "እጇን ግን አላየሁም። ቃሉን ብቻ ነው ሳይ የኖርኩት።"

አለቃው ወደ እኔ ዞሩ። "አባትሽን አልጠየቅሽም፤ ይሁን። ከሰው ወገን ይህን የነገረሽ አንድም የለም?"

የለም ማለት እችል ነበር። መነኩሲቷ ከደጅ ውጪ ናቸው፤ ጉባኤው አይጠራቸውም፤ ማንም አይጠይቃቸውም።

"እማሆይ ነግረውኛል" አልኩ። "ደጁ ላይ ያሉት። ሁሉንም ነግረውኝ ነበር። አልጻፍኩትም።"

"ለምን?"

"አላመንኳቸውም።"

የሴቶችን ድምፅ ለማሰማት ብዬ የምሠራ ሰው ነኝ። ይህን ሐረግ በየስብሰባው ስንት ጊዜ ተናግሬዋለሁ። ያን ቀን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልጠላም ነበር።

አባቴ መቋሚያቸውን ተመርኩዘው ተነሡ። "ጥፋቱ የእኔ ነው" አሉ። "ዋስ ስለሆንኩ ብቻ አይደለም። ይህች ልጅ ትንሽ ሳለች እናቷ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ አስተምራት ብላኝ ነበር። አጥር ላይ ተለጥፋ ትሰማለች፣ ጆሮዋ ክፍት ነው ብላኛለች። እኔ ምን ያደርግላታል ብዬ ተውኩት። የሰውን ልጅ ሁሉ ሳስተምር ኖሬ የራሴን በደጅ አቆምኳት። ያን ጊዜ ባስተምራት ይህችን ቅጠል ራሷ ታነባት ነበር፤ እናንተም አትሰደቡም ነበር።"

አለቃው አንገታቸውን ደፉ። ሲናገሩ ድምፃቸው ሻክሮ ነበር። "የኔታ፣ ይቅር ይበሉኝ። ደብሯ በአገር ሁሉ ፊት ስሟ ጠፍቷል። የጠፋው በወረቀት ነውና የሚመለሰውም በወረቀት ነው። ማስተካከያው ታትሞ እስክናየው ድረስ ከማኅሌት ይቆዩልን።"

የኅዳር ንግሥ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ለደብሯ ከዓመቱ ቀን ሁሉ ትልቁ ነው፤ አባቴ ደግሞ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፣ ጉልበታቸው ከዓመት ዓመት ይከዳቸዋል። አልተከራከሩም። መቋሚያቸውን በሁለት እጃቸው አንሥተው ለተማሪያቸው ለአለቃው ሰጡ።

ወደ ቤት ስንሄድ አዝኛለሁ፣ ተናድጃለሁም፤ ሁለቱን መለየት አቃተኝ። እናቴ ለምናልኝ እንደነበር በሰባት ሰው ፊት መስማቴ አንገበገበኝ። ስለዚያች ሴትም ያልበረደልኝ ጥያቄ ነበረኝ። አባት ቢሆን ኖሮ ስሙን ይፍቅ ነበር? ይህን ጮክ ብዬ ጠየቅኳቸው። አባቴ ጥቂት ከሄዱ በኋላ፣ "አይመስለኝም" አሉ።

በማግስቱ ለአርታኢዬ ደወልኩ። ጎበዝ ሴት ናት፤ ከእኔ ታናሽ ብትሆንም ሥራውን ታውቃለች። "ዘንድሮ እንደዚህ የተነበበ ጽሑፍ የለንም" አለችኝ። "በአራተኛው ገጽ ሁለት መስመር እርማት እናውጣ፤ ይበቃል።"

"አይበቃም። በዓምዴ ላይ፣ በሙሉ ገጽ ነው የማወጣው። የፋቀችውም የጻፈችውም እሷ ናት። አንዲት መነኩሲት ነግረውኝ እንዳልሰማሁም እጽፋለሁ።"

"ራስሽን ነው የምታዋርጂው። ጠላቶቻችን ይህን ይዘው ምን እንደሚሉ ታውቂያለሽ?"

"አውቃለሁ። ካላወጣሽው ግን ሌላ ጽሑፍ ከእኔ አታገኚም።"

ተጨቃጨቅን፤ አንድ ሳምንት አለፈን። በመጨረሻ እሺ አለች። ጽሑፉ ከንግሡ ሦስት ቀን በፊት ታተመ፤ መንገዱ ግን በዚያው ሳምንት ተዘጋና ጋዜጣው ደብረ ማርቆስ አልገባም። በስልኬ የተላከልኝን ምስል ይዤ በእግርም በባጃጅም አለቃው ዘንድ ደረስኩ። እሳቸውም አነበቡት፤ ሲጨርሱ ዓይናቸው ረጥቦ ነበር።

"መልካም ጽፈሻል። ግን ልጄ፣ በስልክ ያለ ነገር ዛሬ አለ፣ ነገ የለም። ቁይ ብናሳትመውም ቅጂ ነው፤ ጉባኤው ያለው ጋዜጣው ራሱ ይምጣ ነው። እኔ ብቻዬን አልሽረውም።"

"ለመምህርዎ ብለው!"

"ለመምህሬ ብዬ ነው መጀመሪያም መጽሐፏን ያወጣኋት" አሉኝ።

የንግሡ ዕለት ፀሐይ ስትወጣ ከአባቴ ጋር ወደ ደብሯ ሄድን። ወሩ ዞሮ የወር አበባዬ ስለመጣ እኔ አልገባም። አባቴ ግን ከማኅሌት ነው እንጂ ከቅጥሩ አልታገዱም፤ እንደ ማንኛውም ምእመን ገብተው መቆም ይችላሉ። ከደጁ ስንደርስ ሕዝቡ እየተጋፋ ይገባል። እኔ ወደ ግንቡ ጥግ ወጣሁ፤ መነኩሲቷ ተቀምጠውበታል። ጉልበታቸውን ስሜ፣ "ይቅር ይበሉኝ እማሆይ፤ ነግረውኝ አልሰማሁም" አልኳቸው። "ምኑን ልጄ?" አሉኝ። ረስተውታል። ሳትሰማቸው የቀረች የመጀመሪያዋ እኔ አይደለሁምና አልተደነቁም።

ዞር ስል አባቴ ከጎኔ ቆመዋል።

"ይግቡ እንጂ አባባ፤ ይጀመራል።"

"እዚሁ እሆናለሁ" አሉ። እጃቸው መቋሚያ ይዞ ስለለመደ የሚያሳርፉበት አጥተው ነጠላቸውን ይጨብጣሉ።

ከበሮው ተመታ። ጸናጽሉ ተከተለ። ደብሯ መብራት የላትም፤ ድምፅ ማጉያ የለም። ዜማው ከግንቡ በላይ ተነሥቶ፣ በባሕር ዛፉ ውስጥ ተሰባብሮ ወደ እኛ ይመጣል፤ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፣ ይጠፋል። አባቴ አንገታቸውን ሰገግ አድርገው አዳመጡ። አንድ ጊዜ ወደ ግራ፣ አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ ዘንበል አሉ። ግንባራቸው ተቋጠረ። የታመሙ መሰለኝና ክንዳቸውን ያዝኳቸው።

"ቃሉ አይሰማም እኮ" አሉኝ።

"አዎ አባባ። ከዚህ አይሰማም።"

"ዜማው ብቻ ነው የሚሰማው? ሁልጊዜ?"

"ሁልጊዜ" አሉ መነኩሲቷ ከተቀመጡበት።

አባቴን አየኋቸው፤ እሳቸው ውስጥ ሲዘምሩ ሴቶች ደጅ የቆሙበትን አምሳ ዓመት እየቆጠሩ ነበር። ከዚያ ግንቡን በአንድ እጃቸው ተደግፈው ጎንበስ አሉና፣ ውስጥ የሚዘመረውን ቃል በቃል በጆሮዬ ይሉልኝ ጀመር፤ መጀመሪያ ግዕዙን፣ ቀጥሎ ትርጉሙን፣ ስሳሳት እያስደገሙኝ። መነኩሲቷ ሻሻቸውን ከጆሯቸው ገለጥ አድርገው ተጠጉን።